ሦስት ጊዜ የተቆጠረች ዓይን፦ ከደቡብ ወሎ ደጋ የትራኮማ ቀዶ ሕክምና የጉዳይ ጥናት

ይህ ጸሐፊ ከደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች በአንዱ፣ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በበሽታ መከላከል ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ በየሩብ ዓመቱ ለዞን ከሚላኩት ሪፖርቶች ሁሉ ያለ ሥጋት የሚፈረምበት የትራኮማ ቀዶ ሕክምና ሪፖርት ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር ከዕቅድ ሲያንስ፣ የመጸዳጃ ቤት ግንባታው በወረቀት ተጀምሮ በወረቀት ሲቀር፣ የዓይን ቀዶ ሕክምናው ግን ዕቅዱን ያሟላል፤ ዘመቻ በተደረገበት ሩብ ዓመትማ ያልፈዋል። በግምገማ መድረክ ላይ ወረዳው ከሚመሰገንባቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ይህ ስለነበር ቁጥሩ ምንን እንደሚቆጥር የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ጸሐፊውም አልጠየቀም።

ጥያቄው የመጣው ከቢሮ ውጭ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በአንድ ቀበሌ የቅሬው አባላት በተሰበሰቡበት፣ ስለሚመጣው የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ለመናገር ሄደን ገና ንግግራችንን ሳንጨርስ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ቀኝ ዓይናቸውን ሦስት ጊዜ ኦፕራሲዮን መደረጋቸውን፣ ዓይናቸውን የሚወጋው የሽፋሽፍት ጸጉር ግን እንደ አረም እየተመለሰ መብቀሉን፣ አሁንም ልጃቸው በወረንጦ እየነቀለችላቸው እንደሚኖሩ ተናገሩ። አብራን የነበረችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ «እማማ፣ ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?» ስትላቸው፣ የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ መለሱላት። ወደ ቢሮ ተመልሰን መዝገብ ስናገላብጥ እኚህ እናት ሦስት የታከሙ ሰዎች ሆነው አገኘናቸው፤ አንዴ በጤና ጣቢያው መዝገብ፣ ሁለቴ በተለያዩ የዘመቻ ቡድኖች ቅጽ ላይ፣ ስማቸው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ፣ ዕድሜያቸው በሦስት ዓይነት ግምት ሰፍሯል። በሦስቱም ሩብ ዓመታት ለዕቅዱ መሳካት አስተዋጽኦ አድርገዋል ማለት ነው።

በሽታውና ግቡ

ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት የሚተላለፍ በሽታ ነው። አንድ ጊዜ ቢይዝ ዓይን አያጠፋም፤ በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ ግን የዓይን ቆቡ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ያበጃል፣ ጠባሳው በዓመታት ሂደት ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ሽፋሽፍቱም ተቀልብሶ ብሌኑን ይቧጭራል። ባለሙያው ትሪኪያሲስ፣ ባላገሩ «ጸጉር ዓይኔ ገባ» የሚለው ደረጃ ይህ ነው። ሕፃናትን አቅፈው የሚውሉት ሴቶች ስለሆኑ የዚህ ደረጃ ሕሙማን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 62.6 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ 5.2 በመቶ ያህሉ ሽፋሽፍታቸው ተቀልብሶ ነበር። ከአዋቂዎች ሃያ ሰው ቢቆጠር አንዱ ማለት ነው።

መከላከያው አራት ነገር እንደሆነ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፦ ለተቀለበሰው ቀዶ ሕክምና፣ ለኅብረተሰቡ በጅምላ የሚታደል አዚትሮማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና እና የአካባቢ ጽዳት። በክልሉ ከአሜሪካው በጎ አድራጎት ድርጅት ከካርተር ማዕከል ጋር በመተባበር ለዓመታት የተካሄደው የመድኃኒት ዕደላ ብዙ ቤት የደረሰ ሥራ ነው፤ ይህ ጥናት ግን የሚመለከተው የመጀመሪያውን፣ ማለትም ቀዶ ሕክምናውን ብቻ ነው። መድኃኒቱ የነገዎቹን ልጆች ያድናል እንጂ ዛሬ ጸጉር ዓይናቸውን የሚወጋቸውን እናት አይረዳም። ጤና ሚኒስቴር ወረፋውን በፍጥነት ለመጨረስ አገር አቀፍ ንቅናቄ ሲጀምር ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል ተብሎ የተገመተው ሕዝብ ከ600 ሺህ በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ከላይ ሲወርድ በየወረዳው ኮታ ይሆናል፤ ኮታም ቆጠራን ይወልዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር ትራኮማን የኅብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን አውጥታለች የሚለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል የንቁ ትራኮማ ምልክት ያለባቸው ከ5 በመቶ በታች መሆን አለባቸው። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ለጤና ሥርዓቱ ያልታወቀ ትሪኪያሲስ ያለባቸው ከ0.2 በመቶ በታች መሆን አለባቸው። በመጨረሻም አዲስ የሚመጣውን ሕመምተኛ ፈልጎ የሚያገኝና የሚያክም ሥርዓት መኖሩ በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። በሁለተኛው መስፈርት ውስጥ «ያልታወቀ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ሸክም አለባት። ቀዶ ሕክምና ቀርቦለት እንቢ ያለ፣ ተራ የተያዘለት፣ ታክሞም ጸጉሩ የተመለሰበት ሰው «የታወቀ» ስለሆነ ከቁጥሩ ይወጣል። መለኪያው ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጤና ሥርዓቱ የሚጠየቀው ሊደርስበት ስላልቻለው ሰው ነው። ሆኖም በቅሬው ስብሰባ ላይ የተነሡት እናት በዚህ ስሌት ግቡን የማይነኩ ሰው ናቸው። ሃምሳ ሺህ አዋቂ ያለው ወረዳ የሚፈቀድለት ያልታወቀ ሕመምተኛ ከመቶ በታች ሲሆን፣ ጸጉራቸው የተመለሰባቸው ግን የፈለጉትን ያህል ቢሆኑ ወረዳው ግቡን ይመታል።

ሦስት ቢሮ፣ ሦስት ሚዛን

ጉዳዩን ለመረዳት በጊዜው ማን ምን ይለካ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ወረዳው የታከሙ ሰዎችን ቁጥር ከዕቅድ ጋር ያነጻጽራል። ጤና ጣቢያው፣ ማለትም ለዚህ ሥራ የሠለጠኑት ሁለት ነርሶች፣ በቀን ስንት ቆብ እንደተሠራ ይመዘግባሉ። የተወሳሰበ ሕመምተኛ የሚላክበት ሆስፒታል የጥራት ክፍል አለው፤ የመሣሪያ ንጽሕናን፣ የስምምነት ፊርማን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ቁስል መመረዝን፣ የታካሚ እርካታንና የወረፋ ጊዜን ይከታተላል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ መለኪያዎች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም የሚያበቁት ታካሚው ከበር ሲወጣ ወይም ክሩ ሲወጣለት ነው። ጸጉር የሚመለሰው ግን ከዚያ በኋላ፣ በወራት ውስጥ፣ በጎጆ ውስጥ፣ ከጭስ ጋር ነው።

መመለሱ እንደ ዕድል የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ የባለሙያው እጅ፣ የሕመሙ ክብደትና የሚመረጠው የአሠራር ዘዴ ይወስነዋል። በምዕራብ ጎጃም 1000 ታካሚዎችን ያሳተፈና በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን ሲያነጻጽር፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ በአንደኛው ዘዴ 13 በመቶ፣ በሌላው 22 በመቶ በሚሆኑት ላይ ጸጉሩ ተመልሷል። በወላይታ የተደረገ ቀደም ያለ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጥ አንድ ጊዜ የሚወሰድ አዚትሮማይሲን የመመለስ ዕድሉን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። እነዚህን ጥናቶች ያስቻለው ተመራማሪዎቹ ከወራት በኋላ ታካሚዎቹን ፈልገው ማግኘታቸው ነው። በእኛ ወረዳ ያልነበረው ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ክር ነበረ፣ መድኃኒት ነበረ፣ የሠለጠነ ሰው ነበረ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደጃፍ የሚያንኳኳ ግን አልነበረም።

የቀዶ ሕክምናው ጥራት የሚታየው በኅብረተሰቡ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ባለሙያ የሥራውን ውጤት ለብቻው ሊያውቀው አይችልም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ የየቤቱን ሰው ብታውቅም፣ ያየችው ጸጉር የተመለሰ ይሁን አዲስ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ይሁን የማያስፈልገው መወሰን የእሷ ሥራ አይደለም። ትብብር የሚባለው ነገር በዚህ ጉዳይ ላይ የመልካም ፈቃድ ጥያቄ ሳይሆን የመለኪያው ተፈጥሮ ያመጣው ግዴታ ነበር። ይህን ለማለት ዛሬ ቀላል ነው፤ ያኔ ግን ለመረዳት አንድ ያልተሳካ ሙከራ አስፈልጎናል።

ያልተሳካው ሙከራ

ከቅሬው ስብሰባ በኋላ ወረዳው፣ ጤና ጣቢያውና የሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ባለሙያ አንድ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ውሳኔ የቢሮ ሰው ውሳኔ ነበር፦ የታከመ ሁሉ በስድስተኛው ወር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመለስ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ነርሱም አይቶ ይመዘግባል። የመጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም ወይ መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ወይ ገበያ የመጡ፣ ወይ ዓይናቸው ደኅና ሆኖ ነርሱን ለማመስገን የገቡ ናቸው። ከወረቀቱ ሲታይ ውጤቱ እጅግ ያማረ ነበር። በሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያሉት፣ ጸጉሩ የተመለሰባቸውና ያዘኑት ግን አልመጡም፤ ሰው ተስፋ ወደቆረጠበት ቦታ ተራራ ወርዶ አይሄድም። ያንን ቁጥር ለዞን ብንልከው ኖሮ ከቀድሞው የባሰ ስሕተት በሆነ ነበር፤ ምክንያቱም ቀድሞ የማናውቀውን ነገር አሁን የምናውቀው መስሎ ይታይ ነበር።

በሁለተኛው ስብሰባ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተጠሩ፤ በመጀመሪያው ያልተጠሩበት ምክንያት ማንም ስላላሰባቸው ነው። ከመካከላቸው አንዷ ያቀረበችው ሐሳብ የኋላውን ሥራ ሁሉ ቀየረው። ለቤት ለቤት ጉብኝት አዲስ ቅጽ አያስፈልገንም፤ የታከሙትን ሰዎች ስም በየጎጡ ለይታችሁ ስጡን አለች። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስሞቹን በየጎጡ ለመለየት ሦስት ዓይነት መዝገብ አንድ ላይ መምጣት ነበረበት፤ ያ ሥራ ሳምንታት ወሰደ። ፋጡማና ፋጢማ፣ ሰይድና ሰዒድ፣ ዘሀራና ዛራ አንድ ሰው ይሁኑ ሁለት ሰው የሚያውቅ መዝገብ የለም፤ የሚያውቀው የጎጡ ሰው ነው። ያገባች ሴት አንዴ በአባቷ፣ አንዴ በባሏ ስም ትመዘገባለች። ዕድሜ የሚባለውማ ከጣልያን ወረራ ወይም ከ1966ቱ ረሃብ ጋር እየተነጻጸረ የሚገመት ነበር። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹና የቅሬው ዳኞች ከነርሶቹ ጋር ተቀምጠው ስም በስም አመሳከሩ። ከዚያ የወጣው አንድ ዝርዝር የወረዳው የመጀመሪያው እውነተኛ የትሪኪያሲስ ሰነድ ነበር ለማለት ጸሐፊው ይደፍራል።

በዝርዝሩ ላይ አንድ ሰው አንድ መስመር አለው። ቀኝና ግራ ዓይን ለየብቻ፣ የተሠራበት ቀን፣ የሠራው ባለሙያ፣ በስድስተኛው ወር የታየው፣ እንቢ ካለ እንቢ ያለበት ምክንያት ይጻፍበታል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በባትሪ አይታ ሁለት ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦ ጸጉር ይወጋዎታል ወይ፣ ወረንጦ ይጠቀማሉ ወይ። አንዱን አዎ ካሉ ስሙ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ነርሱ በወር አንድ ቀን ምልክት ያለባቸውን ብቻ ለማየት ወደ ጤና ኬላው ይወጣል። ምልክቱ የምርመራ ውጤት እንዳልሆነ፣ የባለሙያው ውሳኔም የእሷን ምልከታ እንደማይሽር ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ። ይህ ስምምነት ለመድረስ ከባድ አልነበረም፤ ከባዱ የሚቀጥለው ነው።

ቁጥሩ ሲወርድ

ሰውና ቀዶ ሕክምና ተለይተው መቆጠር እንደጀመሩ የወረዳው አፈጻጸም ወረደ። ተደጋግሞ የታከመ ሰው አንድ ሆነ፤ ነርሶቹ አዲስ ሰው ከመሥራት የተወሰነ ጊዜያቸውን የቀድሞ ታካሚ ለማየት አዋሉት። በግምገማ መድረክ ላይ ወረዳው ምስጋናውን አጣ፤ ለምን ቀነሳችሁ የሚል ደብዳቤም መጣ። መልሱ ሁለት ገጽ ነበር። ደብዳቤውን የላኩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እነሱም ለበላያቸው የሚያቀርቡት አንድ ሣጥን አላቸው፣ ሣጥኑም «የታከሙ» ከሚል በቀር ሌላ ርዕስ አልነበረውም። ውሎ አድሮ የተገኘው መፍትሔ ብልህነት ከተባለ ብልህነት ነው፤ የተጠየቀው ቁጥር በተጠየቀበት መንገድ ይላካል፣ ከሥሩ ግን ሁለት ተጨማሪ መስመር ይያያዛል፦ ከተሠሩት ስንቶቹ አዲስ ሰዎች እንደሆኑ፣ ከስድስት ወር በፊት ከተሠሩት ስንቱ እንደታዩና በስንቱ ላይ ጸጉሩ እንደተመለሰ። ያልተጠየቀ መስመር ማያያዝ የሚከለክል መመሪያ አልነበረም።

የነርሶቹ ሥጋት ግን በብልሃት የሚታለፍ አልነበረም። የባለሙያው ስም በዝርዝሩ ላይ ካለ፣ የተመለሰበት ዓይን ሁሉ የእሱ ጥፋት ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ሥጋታቸው ትክክል ነበር፤ ውጤት ሲለካ ባለሙያ ከባዱን ሕመምተኛ መሸሽ ይጀምራል፣ ቀላሉን እየመረጠ ይሠራል፣ ቁጥሩ ያምራል፣ ሊታወር የቀረበው ሰው ግን ይቀራል። ስለዚህ ሦስት ነገር ተወሰነ። ስሙን የሚያዩት ነርሱ ራሱና ከሆስፒታሉ የሚመጣው የዓይን ባለሙያ ብቻ ይሆናሉ። ሁለተኛ ጊዜ የሚመለስና ቆቡ በጣም የተጎዳ ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ ሳይሠራ ወደ ሆስፒታል ይላካል። የተመለሰበት ዓይን ሲገኝ የሆስፒታሉ ባለሙያ ከነርሱ ጋር ተቀምጦ ቁርጡ የት ላይ እንዳጠረ፣ ክሩ የት ላይ እንደላላ ያሳየዋል። ከሁለቱ ነርሶች አንዱ፣ ገበሬው ሁሉ ዶክተር ብሎ የሚጠራው ሰው፣ በሥራ ዘመኑ የሠራውን ዓይን ከወራት በኋላ ያየው ያኔ የመጀመሪያው እንደሆነ ነግሮናል።

ዝርዝሩ ያልጠበቅነውን ነገርም አሳየ። እንቢታ ከዚያ በፊት አይመዘገብም ነበር፤ ሲመዘገብ ግን ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ ታየ። በወሎ ደጋ በልግ የሚዘራበት አካባቢ ብዙ ስለሆነ፣ ዘመቻው ከበልጉ ሥራ ጋር ሲገጥም ዓይኗን አሽጋ ቤት የምትቀመጥ ሴት ማን እንጀራ ይጋግርላታል፣ ማን ውኃ ይቀዳላታል የሚለው አንዱ ነው። ይህ በቀን መቁጠሪያ ይፈታል፤ በከፊልም ተፈታ። ሌላው ከዚህ የጠለቀ ነው። እንቢታ በጎጥ ተሰባስቦ ተገኘ፤ ጸጉር የተመለሰባቸው ሴቶች ባሉበት ጎጥ ጎረቤቶቻቸው አይታከሙም። ከሰው ዓይን ተመልሶ የበቀለ ጸጉር ማንም የጤና ባለሙያ ከሚሰጠው ትምህርት ይልቅ ይታመናል። በዚህ መንገድ የክሊኒክ ጥራት ጉዳይ የሚመስለው ነገር የኅብረተሰብ ጤናውን ግብ ራሱን ይይዘዋል፤ ዛሬ በችኮላ የተሠራ ዓይን የሚቀጥለውን ዘመቻ ድንኳን ባዶ ያደርጋል። ጥራትና ሽፋን ይፎካከራሉ ብለው የሚከራከሩ ባልደረቦች ነበሩን፤ ያንን የጎጥ ካርታ ካዩ በኋላ ክርክሩ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ዘመቻዎች ተቋረጡ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲደርስ በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። የወረዳው ኮምፒውተር ከእነ ዝርዝሩ ጠፋ። የተረፈው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ቤት የነበረው የየጎጡ ደብተር ነው፤ ከሁሉም ቀበሌ ባይሆንም ከበርካቶቹ ተሰብስቦ ዝርዝሩ እንደገና ተጻፈ። በፊት ጸሐፊው ደብተሩን በእጅ መገልበጥ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ሲከራከር ነበር።

ጉዳዩን ያስነሡት እናት አራተኛ ጊዜ አልታከሙም። ሆስፒታል እንዲሄዱ ተነግሯቸው፣ ቅሬውም የመኪና ወጪያቸውን ለመሸፈን ተስማምቶ፣ እሳቸው ግን በቃኝ አሉ። ቀዶ ሕክምና ለማይፈልግ ሰው በጥሩ ወረንጦ በትክክል መንቀል ተቀባይነት ያለው አማራጭ ስለሆነ ጫፉ የሚገጥም ወረንጦ ተሰጣቸው፤ ልጃቸውም ጸጉሩን ሳትበጥስ ከሥሩ እንዴት እንደምትነቅል ተማረች። በአገር አቀፍ መለኪያ እሳቸው «የታወቁ» ናቸው፤ ከ0.2 በመቶው ውስጥ የሉም፣ የሚጠየቅባቸው ሣጥንም የለም። በቀበሌው ደብተር ውስጥ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በራሷ እጅ ያሰመረችው አንድ ተጨማሪ ዓምድ አለ፤ በየሦስት ወሩ ቀኑን ጽፋ ከጎኑ «ዓይናቸው ታይቷል» ትላለች።